ስለ እከክ በሽታና ስለ ክኒን አሠራር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ እውቀት ክብርና ስለ አገር ፍቅር መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ለበዓል ቀን የማይመች፣ ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሚያሳክክ ነው። ርእሴ እከክ ነው፤ ከእከክም ጋር እርሱን የሚያድነው ክኒን እንዴት እንደሚሠራ ነው። እንድትስቁ ፈቅጄላችኋለሁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ። ነገሩ በእኔው ቤት ደርሶ ታናሽ እኅቴን ለብርቱ ሕመም ዳርጓት ነበርና።

እንደምታውቁት በዚህ ትምህርት ቤት ከምንማረው ብዙዎቻችን የገጠር ልጆች ነን። እኔም የአምባሰል ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሐይቅ ስመጣ ግን እንደ ብዙዎቻችሁ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተቀመጥሁ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ እስከ ውጫሌ በመኪና፣ ከውጫሌ እስከ መንደራችን በእግር እሄዳለሁ፤ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። በክፍላችን ያሉት ፍራሾች ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አራታችንም ጋቢያችንን ደርበን ተጠጋግተን እንተኛለን።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ሌሊት እጁን ማከክ ጀመረ። ቁንጫ ነው አልን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኔንም በጣቶቼ መካከልና በወገቤ ዙሪያ ያሳክከኝ ጀመር። ቀን ደኅና እውላለሁ፤ መሽቶ ገላዬ ሲሞቅ ግን እንቅልፍ የለም። በክፍል ውስጥ እጄን ከዴስኩ ሥር እደብቅ ነበር። እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ ነው ሲባል ሰምተን ስላደግን፣ አራታችንም እየታመምን ማንም ለማንም አልተናገረም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ያሉትን በቃላችን እናውቀዋለን፤ በሥራ ግን አላወቅነውም።

በቤታችን የሰባት ዓመት እኅት አለችኝ። ዓርብ ማታ ስደርስ ከወንድሜ ጎን ካልተኛሁ ብላ ታስቸግራለች። እኔም ነገሩ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ አልከለከልኋትም። በየካቲት ወር እርሷም ታክክ ጀመር። አያቴ ድኝ ደቁሳ በቅቤ ለውሳ ቀባቻት፤ ነገር ግን በጣቷ እየገመተች ስለምትቀባት አንድ ቀን በዝቶ ገላዋ ተቃጠለ፤ በማግሥቱም ተተወ። ቀጥሎ እናቴ ጎረቤት ያመሰገነውን ቅባት ከገበያ ገዝታ መጣች። ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ታገሠላት፤ ዳነች ብለን ደስ አለን። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን እንዲህ ያለው ቅባት የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ እንዲያውም ተሸሽጎ እንዲስፋፋ ጊዜ ይሰጠዋል። ያከከችው ሁሉ ቆስሎ ቢጫ ቅርፊት ያዘ። ከዚያም አንድ ቀን ጧት ፊቷ አብጦ፣ ዐይኗ ተሸፍኖ ተነሣች፤ ሽንቷም እንደ ሻይ ጠቆረ። አባቴ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እኔም ተጠርቼ ደረስሁ።

ሐኪሟ ነገሩን ገለጠችልን። በታከከው ቁስል ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ ገብቷል፤ ሰውነቷ ከእርሱ ጋር ሲዋጋም ኩላሊቷ ተጎድቷል። ከዚያም እናቴን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ በቤታችሁ ስንት ሰው ያድራል?»

«ሰባት ነን» አለች እናቴ፤ «ይኸ ደግሞ ከሐይቅ እየመጣ ስምንት ያደርገናል።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ «እስቲ ወንድሜ፣ እጅህን አሳየኝ» አለችኝ። በእናቴና በአባቴ ፊት እጄን ከኪሴ አወጣሁ። አባቴ ምንም አልተናገረም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም፤ ያሳፈረኝም እከኩ ሳይሆን መደበቄ ነበር።

እኅቴ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳነች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን በሽታና መድኀኒቱን ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥና የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቅ ጀመርሁ። ከተረዳሁት ሁሉ ዛሬ አንድ ቃል ይዤ ቀርቤአለሁ፤ እርሱም «ልክ» የሚለው ነው። መድኀኒት የሚያድነው በልኩ ሲሰጥ፣ ለሚገባቸው ሰዎች ሁሉ ሲደርስና እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን መልካሙ መድኀኒት እንኳ ድካም ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። እከክን የምታመጣው ስምንት እግር ያላት፣ ርዝመቷ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ተባይ ናት። ሴቲቱ በላይኛው ቆዳችን ውስጥ እየቆፈረች በቀን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ይህን በአጉሊ መነጽር ተመልክተው በ1687 እ.ኤ.አ. የገለጡት በኢጣልያ አገር በሊቮርኖ ከተማ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጆቫኒ ኮዚሞ ቦኖሞ የተባለ ሐኪም፣ ሁለተኛው ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባለ መድኀኒት ቀማሚ ነው። ሐኪምና ቀማሚ ተባብረው ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚያተርፉ ከዚህ እንማራለን።

በአንድ ታማሚ ገላ ላይ ያሉት ተባዮች ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። ክፋቱ ያለው በሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ማሳከኩ የሚሰማው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ራሱ ሳያውቅ አብሮት ለሚተኛው ያስተላልፋል። እንግዲህ የሚያክከውን ሰው ብቻ ማከም በተቀደደ ስልቻ እህል መጫን ነው። ዛሬ የዳነውን ሰው፣ ገና ማከክ ያልጀመረው ወንድሙ ነገ መልሶ ያሲዘዋል። ሐኪሟ በቤታችሁ ስንት ሰው ያድራል ያለችውም ስለዚህ ነው።

ይህ በሽታ ቤት ብቻ ሳይሆን አገርም ያዳርሳል። በ2008 ዓ.ም. ኤል ኒኖ ባስከተለው ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ድርቅ ባጠቃቸው ወረዳዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው ከተያዙት ብዙዎቹ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መዘገበው። በዓለም ላይ በማናቸውም ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ በሽታ ተይዞ እንደሚገኝ ይገመታል።

ታዲያ ሁሉንም ሰው አብሮ ማከም ይጠቅማልን? ይህን ለመፈተን በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት በፊጂ ደሴቶች ታላቅ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ 2000 ያህል ሰዎችን በሦስት ማኅበረሰብ ከፈሉ። በመጀመሪያው ማኅበረሰብ የታመሙትንና የቅርብ ሰዎቻቸውን ብቻ እንደ ተለመደው አከሙ። በሁለተኛው ለሁሉም ሰው ፐርሜትሪን የተባለ ቅባት ሰጡ። በሦስተኛው ለሁሉም አይቨርሜክቲን የተባለ ክኒን አዋጡ። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመረምሩ፣ በመጀመሪያው ማኅበረሰብ በሽታው በግማሽ ያህል ብቻ ቀንሶ ተገኘ፤ ክኒኑን ሁሉም በዋጡበት ግን ከ100 ሰው 32 ይዞ የነበረው እከክ ወደ 2 ያህል ወርዶ ነበር። የቆዳው ቁስልም፣ እኅቴን ያሳመማት ዐይነት ማለት ነው፣ አብሮ ቀነሰ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኛን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አሰብሁ። ገዳሙ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ቢሆንም ጥንት ደሴት እንደ ነበረ ይነገራል። በደሴት ላይ የሚገባና የሚወጣ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በሽታን አንድ ጊዜ ጠርጎ ማስወጣት ይቻል ይሆናል። የእኛ ቤት ግን ደሴት አይደለም። በየዓርቡ የሚመጣ፣ በየእሑዱ የሚሄድ ተማሪ አለበት። ስለዚህ ሐኪሟ የእኛን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በኪራይ ክፍላችን ያሉትን ሦስቱን ጓደኞቼንም በአንድ ቀን እንዲታከሙ አዘዘች። ልብሳችንንና ጋቢያችንን በፈላ ውሃ አጠብን፤ ሊታጠብ የማይችለውንም ለብዙ ቀን ለብቻው አስቀመጥን፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ መኖር ስለማይችል ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ ልመለስ። አይቨርሜክቲን የተገኘው ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉ የጃፓን ሊቅ ከአገራቸው አፈር ለይተው ካወጡት ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዊልያም ካምቤል በዚህ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመድኀኒቱ ልክ በሰውየው ክብደት ይወሰናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ይኸውም ባለ 3 ሚሊግራሙን ክኒን አራት ማለት ነው። ክኒኑ ተባዩን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ግን አይሰጥም። የአጎቴ ሚስት ነፍሰ ጡር ስለ ነበረች ለእርሷ የታዘዘላት የድኝ ቅባት ነው! አያቴ ይህን በሰማች ጊዜ «እኔ ምን አልኋችሁ?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። በእውነትም አያቴ መድኀኒቱን ታውቅ ነበር። የሐኪም ቤቱ ድኝ ከእርሷ ድኝ የሚለየው በሚዛን ተለክቶ መቀላቀሉና ተከታትሎ ለሦስት ሌሊት መቀባቱ ነው።

3 ሚሊግራም ምን ያህል እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? አንድ የጤፍ ፍሬ ሲመዘን የ1 ሚሊግራም ሢሶ ያህል ነው። እንግዲህ በአንድ ክኒን ውስጥ ያለው መድኀኒት አሥር ያህል የጤፍ ፍሬ ቢመዝን ነው። ይህን የምታህል ዱቄት ማን በጣቱ ቆንጥሮ ለሕመምተኛ ሊሰጥ ይችላል? የክኒን ጥበብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ከጓደኞቼ ጋር በቤተ ሙከራችን አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። ከሊጥ ሃያ ድቡልቡል ክኒኖች በእጃችን ጠቅልለን አደረቅንና አንድ በአንድ መዘንናቸው። እኩል አድርገን የሠራናቸው መስሎን ነበር፤ ከባዱ ግን የቀላሉን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ቀጥለን ከመድኀኒት ቤት የተገዙ ሃያ የራስ ምታት ክኒኖች መዘንን፤ ልዩነታቸውን ሚዛናችን በጭንቅ ለየው። ጥንት ክኒን የሚሠራው እኛ እንደ ሠራነው በእጅ ነበር። በ1843 እ.ኤ.አ. ዊልያም ብሮክደን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ የእርሳስ መጻፊያ ዱቄትንና መድኀኒትን በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ የሚያጠብቅ መሣሪያ አስመዘገበ። የዛሬው ክኒን መሠረቱ ይህ ነው።

አሠራሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይሆንም። መድኀኒቱ ይደቅቃል፣ ይነፋል፤ ከዚያም መጠኑን ከሚያበዛ፣ ጉዳት ከሌለው ዱቄት ጋር ጥቂት በጥቂት ይደባለቃል፤ በአንድ ጊዜ ቢጨመር በአንዱ ክኒን በዝቶ በሌላው ይጎድላልና። ቀጥሎ ስታርች እንደ አጥሚት ተሠርቶ ማጣበቂያ ይሆናል፤ ዱቄቱም በእርሱ ታሽቶ በወንፊት ሲያልፍ ፍርፋሪ ይሆናል። ፍርፋሪው ደርቆ እንደ ገና ይነፋል። ከዚህ በኋላ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ ማግኒዚየም ስቴሬት የሚባል ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ማለት ነው። ማለስለሻው ከልኩ ካለፈ ግን ክኒኑ ውሃ አላስገባ ብሎ በሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ይቀራል። በመጨረሻ መሣሪያው ፍርፋሪውን በብረት ጉድጓድ ውስጥ ከላይና ከታች ተጭኖ ክኒን ያደርገዋል።

ከተሠራም በኋላ ይፈተናል። ሃያው ክኒን ይመዘናል። በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ 100 ጊዜ እንዲገለባበጥ ተደርጎ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ በላይ እንዳልተፈረፈረ ይታያል፤ በአህያና በጭነት መኪና ተጉዞ እስከ አምባሰል ለሚደርስ ክኒን ይህ ፈተና ቀልድ አይደለም። ደግሞም እንደ ሰው ገላ በሞቀ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በተወሰነው ደቂቃ እንደሚፈርስ ይረጋገጣል። በመንገድ እንዳይፈርስ መጠንከር አለበት፤ በሆድ ውስጥ ደግሞ መፍረስ አለበት። ሁለቱን ማስማማት የቀማሚው ጥበብ ነው።

በዚህ ሥራ የአገራችን ሊቃውንትም ድርሻ አላቸው። ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከእንሰት የሚገኘው ስታርች ክኒንን ለማጣበቅና በውሃም ውስጥ ለማፍረስ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። በደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ቡላ ብለው የሚበሉት ይህ ምግብ ለመድኀኒት ፋብሪካ ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። እኛ የምንንቀውን ነገር ሌላው በሚዛን ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ያገኝለታል።

የመጨረሻው ነገር እስከ ፍጻሜ መውሰድ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ነው። ዛሬ አጠቃላይ ሆስፒታል የሆነው ቦሩ ሜዳ መጀመሪያ በሚሲዮናውያን የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ሥጋ ደዌ ከቆዳ አልፎ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የሚታከመው ዳፕሶን በሚባል በአንድ ክኒን ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በአለርት የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በብዙ ሕሙማን ላይ ዳፕሶንን መቋቋም እንደ ጀመረ አስረዱ። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት መድኀኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ፤ አገራችንም ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ሕክምና ጀመረች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኀኒቱ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በእውነት ተፈጸመ። ክኒኖቹ የየወሩና የየቀኑ ልካቸው ተለይቶ በካርድ ታሽገው በነፃ ይታደላሉ፤ ስድስት ወር ወይም ዓመት ሙሉ የዋጠ ሰው ይድናል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የንዕማንን ታሪክ ተምሬ ነበር። ከለምጹ ለመንጻት በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲጠመቅ የታዘዘው የሶርያ ሰው ነው። ያን ጊዜ ለምን ሰባት ጊዜ ሆነ ብዬ እገረም ነበር። ስድስት ጊዜ ታጥቦ ቢመለስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዛሬ ማሳከኩ ቀረ ብሎ ሁለተኛውን ክኒን ሳይውጥ የሚተው ሰው ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከእናንተ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። በኪራይ ክፍል የምትኖሩ ሁሉ ዛሬ ማታ እርስ በርሳችሁ እጃችሁን ተያዩ። የሚያሳክከው ሰው ቢኖር አትሳቁበት፤ አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ለቤተሰቦቻችሁም ንገሩ። ማንነቱ የማይታወቅ ቅባት ከገበያ አትግዙ፤ ለአንዱ የታዘዘውን ክኒን ሌላው አይዋጥ፤ የተጀመረውም ይፈጸም። ከእኛ መካከልም ነገ ሐኪም ወይም መድኀኒት ቀማሚ የሚሆኑ እንዲወጡ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኅቴ ዛሬ ከእናቴ አጠገብ እዚሁ ተቀምጣለች። ስለ እርሷ እንደምናገር አስቀድሜ ጠይቄአት «እጅህን መደበቅህንም ከተናገርህ እሺ» ብላ ፈቀደችልኝ። እነሆ ተናግሬአለሁ። ዛሬ ማታ አብረን ወደ አምባሰል እንሄዳለን፤ እንደ ልማዷም ከጎኔ ካልተኛሁ ትላለች። አሁን ግን እጄ ንጹሕ ስለ ሆነ እሺ እላታለሁ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።